ከአሰብ ስም ብቻ ሲመጣ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ከቦሌ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኝ የተወረሰ ቪላ ውስጥ እሠራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የእርዳታ እህልና መድኃኒት ከአሰብ ወደብ የሚያመላልሱ የጭነት መኪኖችን ያስተባብራል። ቀድሞ የልጆች መኝታ የነበረው ክፍል የኮምፒውተር ክፍል ተባለና ለእኔ ተሰጠኝ። ከበሩ ጀርባ የቤቱ ባለቤቶች ልጆቻቸውን እያቆሙ ቁመታቸውን የለኩበት የእርሳስ ምልክት ነበር። ግድግዳውን የቀቡት ሰዎች የበሩን ጀርባ ረስተውታል።

ማሽኑን ያመጣው አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። ጥቂት ሳምንት አጠገቤ ተቀምጦ አስተማረኝና ወደ አገሩ ተመለሰ። ከመሄዱ በፊት ጥቂት መስመሮች ያሏት የትእዛዝ ጽሑፍ አዘጋጅቶልኝ ነበር፤ ስክሪፕት ይላታል። ቁልፍ ስጫን ያቺ ስክሪፕት አሰብ ወዳለው ሌላ ማሽን በስልክ መስመር ትደውላለች፣ እስኪያነሳ ትጠብቃለች፣ የይለፍ ቃሉን ትሰጣለች። ከዚያ አንዲት ትእዛዝ ትልክለታለች፤ ትርጉሟ «አንተ ጋ ያሉትን ፋይሎች ስም ዘርዝርልኝ» ነው። የመጣውን ዝርዝር እስክሪኑ ላይ ታሳየኛለች፣ በወረቀትም ታትምልኛለች፣ መስመሩንም ራሷ ትዘጋለች።

አሰብ ላይ አንድ መኪና ጭኖ ከወደብ በወጣ ቁጥር፣ እዚያ ያለው ሠራተኛ በመኪናው ስም አንድ ፋይል ይከፍታል። ስሙ በላቲን ፊደል ነው፤ መኪና ለማለት ኤም የምትባለዋ ፊደል ትቀድምና የሰሌዳው ቁጥር ይከተላል። ጭነቱ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚራገፍ፣ ሾፌሩ ማን እንደሆነ ሁሉ በፋይሉ ውስጥ ይጻፋል። ሐሳቡ እኔ እነዚህን ፋይሎች ጠዋት ጠዋት እንድስባቸውና መጋዘኖቹ ቀድመው እንዲዘጋጁ ነበር።

መስመሩ ግን አልቻለም። ፋይል መሳብ ስጀምር ከመሐል ላይ ይቆረጣል፤ እንደገና ብጀምር እንደገና ይቆረጣል። ቴሌቪዥን የመሰለው እስክሪን ላይ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ዝናብ እንደመታው ቆርቆሮ ይንጫጫሉ፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። የስሞቹ ዝርዝር ግን አጭር ስለሆነች መስመሩ ሳይቆረጥ ታልፋለች። እያደር ፋይሎቹን መሳቡን ተውነው። ስማቸውን ብቻ መጠየቅ ሥራችን ሆነ። የትኛው መኪና ከአሰብ እንደወጣ እናውቃለን፤ ምን እንደጫነና ማን እንደያዘው መኪናው ሲደርስ እናያለን።

ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ይደክመው ነበር፤ ሌላ የምለው የለኝም። እኔ ጠዋት ከቦሌ ሚካኤል በእግሬ እመጣለሁ፤ አውቶቡስ መጠበቅ ከመራመድ ይብሳል። ከሥራ በኋላ የውይይት ክበብ አለ፤ ስለ ምርት ዕድገት ይነበብልናል፣ ዓይናችንን ገልጠን እንተኛለን። እሑድ የቀበሌ ዘመቻ ነው። ስኳር ሲመጣ ሰልፍ ነው፣ ሳሙና ሲመጣ ሰልፍ ነው። ከዚህ ሁሉ መሐል ዝርዝሯን የምጠይቅባት የጠዋት ሰዓት ብቻዬን የምቀመጥባት ስለነበረች እወዳት ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ግን አትጎዳኝም ነበር።

ዝርዝሯን የምጠብቅበት የራሴ ምክንያትም ነበረኝ። አባቴ ከአሰብ ሾፌሮች አንዱ ነበር።

አባቴና እናቴ የወሎ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው፤ አባቴ በረዳትነት ጀምሮ ሾፌር ሆነ፣ እናቴ ቦሌ ሚካኤል ከሚገኘው ቤታችን ደጃፍ ላይ ጨውና በርበሬ በመደብ ትሸጣለች። ጨዉን ከአሰብ የሚያመጣላት እሱ ነው፤ ከመቀመጫው ኋላ በሻንጣ እያደረገ። አባቴ ሲመጣ ለጥቂት ቀን ይተኛል፣ ይታጠባል፣ ከመስጊድ መልስ ከሰፈር ሰው ጋር ያወራል፣ ከዚያ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ አባቴን የማውቀው በእንቅልፉ ነበር ማለት ይቻላል። ቤቱ ውስጥ «ዝም በሉ፣ አባታችሁ ተኝቷል» የሚለውን ያህል የተባለ ነገር የለም።

የአሰብ መንገድ ክፉ መንገድ ነው። ሙቀቱ አለ፣ የመኪናው ብልሽት አለ፣ አንዳንዴም ተኩስ አለ። መኪኖቹ በኮንቮይ፣ ተሰባስበውና ታጅበው ነው የሚጓዙት። ድሮ እናቴ አባቴ ከቤት ከወጣ ጀምሮ ደጁ ላይ ፍሬን እስኪይዝ ምንም ወሬ አትሰማም ነበር። እኔ ሥራውን ከያዝኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። የአባቴን መኪና ሰሌዳ በቃሌ አውቀዋለሁ። ጠዋት ዝርዝሯ ውስጥ ካየሁት ማታ ቤት ገብቼ፣

«እማ፣ አባ ተነስቷል» እላታለሁ።

እሷም «አልሐምዱሊላህ» ትልና ሥጋ የምትገዛበትን ቀን ማሰብ ትጀምራለች። ከዚህ ሌላ ምንም አትጠይቀኝም። እንዴት እንዳወቅኩ ለማስረዳት አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ «መንግሥት ነግሮሽ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳትና ተውኩት።

እንዲህ እያልን ከቆየን በኋላ አንድ የግንቦት ወር የአባቴ መኪና ዘገየ። ሌሎቹ አብረውት የወረዱት መኪኖች ስማቸው ወጥቷል፣ አንዳንዶቹም ቃሊቲ ደርሰው አራግፈዋል። የእሱ ግን የለም። ጠዋት ጠዋት ስክሪፕቷን አስነሳለሁ፤ ስሞቹ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ ዓይኔ የእሱ ቁጥር በሚውልበት ቦታ ላይ ይጠብቃል፤ የእሱ ሳይመጣ ቀጣዩ ይመጣል። መኪና ተበላሽቶ ይሆናል እያልኩ ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷም አትጠይቅም፤ ግን ማታ በር ስከፍት ፊቴን ታየኛለች፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

አንድ ጠዋት ስሙ ወጣ። ለማረጋገጥ ሁለተኛ ጊዜ አስደወልኩ። አለ። ለምሳ ፈቃድ ጠይቄ ቤት ድረስ ሄድኩ።

«እማ፣ አባ ተነስቷል።»

እናቴ የያዘችውን የጨው መስፈሪያ አስቀመጠች። «ዘገየ እኮ» አለች። ቅር ያላት የምትመስለው ደስ ሲላት ነው።

መኪናው ይገባል ባልንበት ቀን ቤቱ ተጠርጓል፣ ልብሱ ታጥቦ ተተኩሷል፣ ወጡ ደርሷል። ከሰዓት በኋላ የበሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ። አባቴ አያንኳኳም፤ ከውጭ ነው የሚጣራው። ስከፍት የቆመው ሌላ ሰው ነው፤ ሽበታም፣ ወፍራም፣ የአባቴ የሥራ ጓደኛ። ከዚያ በፊት ቤታችን መጥቶ ያውቃል። በእጁ የአባቴን ሻንጣ ይዟል።

እናቴ ሻንጣውን እንጂ ሰውየውን አላየችም። ባለችበት ቁጭ አለች።

«ኧረ የለም፣ የለም፣ በሕይወት አለ» አለ ሰውየው ቶሎ ብሎ። «አሰብ ሆስፒታል ነው ያለ። ወፍ መታው። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ እህል አልቀምስ አለ። መኪናው ተጭኖ መቆም ስለሌለበት እኔ ይዤው እንድመጣ ታዘዝኩ። የእኔ መኪና ጋራዥ ገብቷል።»

«እንዴት ነበር ስትለየው?» አለችው እናቴ።

«ተኝቶ ነበር» አለ። ከዚያ እንዳልበቃት ሲያይ፣ «ሐኪሙ ይድናል ብሏል» ብሎ ጨመረ። መጀመሪያ ያልተናገረው ነገር ስለሆነ ሁለታችንም አላመንነውም።

ውኃ ጠጣ፣ ምግብ አቀረብንለት፣ ትንሽ ቀምሶ ተወው። ለአባቴ የተሠራ ወጥ መሆኑን አውቆታል። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ተነስቷል አላልሽኝም?» አለችኝ። የቁጣ ድምፅ አልነበረውም። «መኪናው ነው የተነሳው እማ። እኔ ጋ የሚመጣው የመኪናው ስም ነው» አልኳት። የሾፌሩ ስም በፋይሉ ውስጥ ነበር፤ መስመሩ የማያሳልፍልን ውስጡን ነው። ይህንን ሁሉ በልቤ አውቃለሁ፤ ቀድሞም አውቀው ነበር። ግን መኪናው ከመጣ እሱም መጣ ማለት ለምዶብን ቆይቷል።

ሰውየው ለመሄድ ሲነሳ ተከትዬው ወጣሁ። መቼ እንደሚመለስ ጠየቅኩት። መኪናው እንደተራገፈ በሚቀጥለው ኮንቮይ እወርዳለሁ አለኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ወደቡ ላይ ኮምፒውተሩን የሚሠራ ሰው አለ። መውጫ ወረቀታችሁን የምትሰጡት ለእሱ አይደለም?»

«አዎ፣ ቀጭኑ ልጅ። አውቀዋለሁ።»

«ከአዲስ አበባ ዝርዝሩን የምትጠይቀው ልጅ እኔ መሆኔን ይንገሩልኝ። አባቴ እንዴት እንዳለ እንዲያሳውቀኝ ይለምኑልኝ።»

«በምን ያሳውቅሻል? ስልኩ ለግል አይፈቀድም።»

«እሱ ያውቅበታል ይበሉት» አልኩ። እኔ ራሴ አላወቅኩበትም ነበር።

ያንን ሰው በስሙ እንኳ አላውቀውም ነበር። ማሽኑ ጋ የሚሠራ ሰው እንዳለ የማውቀው ፋይሎቹ በየቀኑ ስለሚከፈቱ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ መስመሩ ጥሩ በሆነ ቀን እስክሪኑ ላይ በቀጥታ ሰላም ተባብለናል፤ እሱ «ሙቀት» ብሎ ጻፈልኝ፣ እኔ «ዝናብ» ብዬ መለስኩለት፣ መስመሩ ተቆረጠ። ትውውቃችን ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረጅም ነበሩ። እናቴ አሰብ ካልሄድኩ አለች፤ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ከቀበሌ ማግኘት ነበረባት፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ደግሞ ለስብሰባ ሄዷል፣ ሲመጣ ሌላ ስብሰባ አለው። ጠዋት እሷ ቀበሌ ደጅ ትቆማለች፣ እኔ ማሽኑ ፊት እቀመጣለሁ። ማታ ስንገናኝ የምንነጋገረው አልነበረንም። ጨዉ አለቀ፤ መደቡ ላይ በርበሬ ብቻ ቀረ። ደንበኞቿ ጨው ሲጠይቋት «ሰውየው አልመጣም» ትላቸዋለች፣ እነሱም እንደ ሁልጊዜው መንገድ ላይ ነው ብለው ይሄዳሉ።

አንድ ጠዋት ዝርዝሩ እየወረደ፣ ገና ከመጀመሪያው፣ የመኪኖቹ ስሞች ከመጀመራቸው በፊት፣ የማላውቀው ስም መጣ። ቁጥር የለውም። በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው፤ በአማርኛ ሲነበብ «አባአለ» ይላል።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከስሙ ትይዩ የፋይሉ መጠን ይጻፋል፤ የመኪኖቹ ፋይሎች መጠን አላቸው፣ የዚህ ባዶ ነው። ውስጡ ምንም የለም። ከዚያ ገባኝ። አባ አለ። ሰውየው ፋይል መላክ እንደማይቻል፣ ስም ግን እንደሚያልፍ ያውቃል። ስለዚህ ባዶ ፋይል ከፍቶ መልእክቱን ስሙ ላይ ጻፈው። የፋይል ስም ደግሞ ከስምንት የላቲን ፊደል አያልፍም፤ የፈለገውን ያህል ቢያዝንልኝ ከስምንት ፊደል በላይ ሊለኝ አይችልም ነበር።

ወንበሬ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ማልቀሱም ያደክማል፤ ወዲያው ተውኩትና ወረቀቱን ከማተሚያው ቀድጄ ለኃላፊው ወሰድኩ፤ ሥራዬ ነውና።

በማግሥቱ የለም። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ጠዋት «አባበላ» የሚል መጣ። አባ በላ። ማታ ለእናቴ ስነግራት፣ «ምን በላ?» አለችኝ።

«ምን እንደበላ አይልም እማ። ቦታ የለውም።»

«ሾርባ ይሆናል» አለች። «ሾርባ ነው የሚሰጡት። ሾርባ እንኳ አይወድም።» ከዚያ ስለ ሾርባው ረጅም ሰዓት አወራች። እሱ ከታመመ ጀምሮ እንደዚያን ማታ ያወራችበት ጊዜ አልነበረም።

ኃላፊያችን በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ፊቱ የማይነበብ፣ የፓርቲ አባል የሆነ ሰው ነበር። የካኪ ልብሱ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ጠዋት ዝርዝሩን ስወስድለት በቀይ እስክሪብቶ እያንዳንዱ መኪና ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ ወረቀቱ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ይላካል። የመጀመሪያዋን ስም አይቶ እንደሆነ አላውቅም። ሁለተኛዋ በወጣች ቀን ግን አስጠራኝ።

ስገባ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ጓዲት፣ ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ጣቱን ስሙ ላይ አደረገ። «ይህ መኪና ነው?»

«አይደለም።»

«ምንድን ነው?»

መዋሸት አስቤ ነበር። መስመሩ ያበላሸው ፊደል ነው ልለው እችላለሁ፤ መስመሩ ብዙ ያበላሻል። ግን ፊደሎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፣ እሱም አማርኛ ያነባል። አሰብ ያለው ሰው ትዝ አለኝ። በዚያ ዘመን የማይገባ ነገር በመንግሥት መስመር ላይ መላክ ምን እንደሚባል ሁለታችንም እናውቃለን። ደክሞኝም ነበር። ብዋሽ ነገ ደግሞ ውሸቱን መጠበቅ ይኖርብኛል።

«አባቴ ነው» አልኩ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም፤ ቀና ብሎም አላየኝም። ስጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ይህ ወረቀት ከእኔ በኋላ የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እዚያ ያሉት እንደ እኔ ጠርተው አይጠይቁሽም።»

ከውጭ አውሮፕላን ሲነሳ ይሰማል፤ ቦሌ ስለሆንን ንግግር ማቋረጥ ልማዳችን ነው፣ ድምፁ እስኪያልፍ ሁለታችንም ጠበቅን።

«ማሽኑ የምንፈልገውን ስም ብቻ እንዲዘረዝር ማድረግ ይቻላል?» አለኝ።

«ይቻላል። በኤም የሚጀምሩትን ብቻ ካልነው መኪኖቹን ብቻ ያመጣል።»

«ለወረቀቱ እንደዚያ አድርጊው። ይህንን እንደገና አትመሽ አምጪልኝ።» የመጀመሪያውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ተነስቼ በሩ ጋ ስደርስ፣ «እስክሪኑ ላይ የምታዪውን እኔ አላይም» አለኝ። ራሱን ቀና አላደረገም።

ስክሪፕቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ የቀየርኩት ያን ቀን ነው። ዝርዝር የምትጠይቀዋን መስመር ሁለት አደረግኳት። አንዷ መኪኖቹን ብቻ ጠይቃ ታትማለች። ሌላዋ ሁሉንም ጠይቃ እስክሪኑ ላይ ብቻ ታሳያለች። ፈረንጁ ሲያስተምረኝ የጻፍኩትን እያገላበጥኩ ስሞክረው ብዙ ጊዜ እምቢ አለኝ፤ በመጨረሻ ሠራ። አሰብ ላለው ሰው ኃላፊው እንዳወቀ የምነግርበት መንገድ አልነበረኝም። ቢሰማ ኖሮ ይተው ነበር ይሆናል፤ ባለመስማቱ ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የመጣችው ስም ስምንቱንም ፊደል የሞላች ነበረች። «አባደህና።»

ያን ማታ እናቴ ቀበሌ ሄዳ ፈቃዱን አግኝታ ተመልሳ ነበር፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጇ ይዛለች። ስነግራት ወረቀቱን ገለባብጣ አየችው። «ይህን ያህል ቆሜ» አለች። ከዚያ አጥፋ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው፤ ባይፈለግም መጣሉ አላስቻላትም።

አባቴ የመጣው ክረምቱ ገብቶ ነው፤ እንደ ሾፌር ሳይሆን እንደ ተሳፋሪ፣ በዚያው በሽበታሙ ጓደኛው መኪና ጋቢና ተቀምጦ። ሲወርድ ደግፈነው ገባ። ልብሱ በላዩ ላይ የሌላ ሰው ይመስላል። ዓይኑ ነጭ ሆኗል፣ ፊቱ ግን ገና አመዳም ነው። እናቴ እግሩን ልታጥብለት ውኃ አሞቀች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አባቴ ቀና ብሎ «ይህን ድምፅ ናፍቄ ነበር» አለ።

ሲያገግም ነው የአሰቡን ነገር ያወራን። ሆስፒታሉ ሙሉ ነበር፤ አብዛኞቹ ወታደሮች ናቸው። እሱ ኮሪደር ላይ ተኛ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ቀጭኑ ልጅ ከወደቡ በረዶ በጆንያ ጠቅልሎ ያመጣለት ነበር። መጀመሪያ ሲመጣ አባቴ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀው፤ «ከልጅዎ ጋር አብረን ነው የምንሠራ» አለው።

«አብረን ነው የምንሠራ አለኝ» ብሎ አባቴ አየኝ። «አዲስ አበባ ነበር እንዴ?»

«አልነበረም። በማሽን ነው አባ።» የሆነውን እንዴት እንደሆነ ነገርኩት፤ ስለ ባዶዎቹ ፋይሎች፣ ስለ ስሞቻቸው። በጥሞና ሰማኝ። ሾፌር ስለሆነ ማሽን የማይችለውን ነገር በሌላ መንገድ ማስቻል ይገባዋል።

«እና ውስጡ ምንም የለም?»

«ምንም የለም። ስሙ ብቻ ነው።»

«በልተዋል ወይ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር» አለ። «ሳልበላ በልቻለሁ ያልኩበት ቀን አለ። ልጅ ነው፣ እንዳያዝን ብዬ።»

እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታ፣ «ያንን ነው የጻፈልን» አለች። ሳቅን፤ አባቴ ሲስቅ ጎኑን አሞት ቶሎ ተወ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ አልነዳም። ሐኪሞቹ ሙቀት አይስማማህም አሉት፤ መሥሪያ ቤቱም ጡረታ አወጣው። መጀመሪያ ቤት ተኝቶ ዋለ፤ ለብዙ ዓመት ያጣውን እንቅልፍ የሚከፍል ይመስል ነበር። በኋላ ቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከአንድ የጉራጌ ጎሚስታ ጋር መዋል ጀመረ። ጎማ ሲፈታ ያግዘዋል፣ አብረው ሻይ ይጠጣሉ፣ ስለ መኪና ይከራከራሉ። እያደር ሥራው ሆነ። እናቴ ጨዉን ከመርካቶ እየገዛች መሸጥ ጀመረች፤ የመርካቶው እንደ አሰቡ አይደለም እያለች ለደንበኞቿ ይቅርታ ትጠይቃለች።

ኃላፊው ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሳብኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ሁሉ ለስብሰባ ወጥቶ እኔ ማሽኑን ስዘጋ፣ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ወደ ክፍሌ መጥቶ አያውቅም ነበር። ማሽኑን አየው፣ ስልኩን አየው።

«ይህ ነገር ሌላ ከተማ ያለ ማሽንም መጠየቅ ይችላል?» አለኝ።

«መስመርና ማሽን ካለ ይችላል። የት ነው?»

«ወደ ሰሜን» አለ። ከተማውን አልጠራም።

ልጁ ውትድርና መሄዱን በቢሮው እንሰማ ነበር፤ እሱ ግን ተናግሮ አያውቅም። እዚያ ማሽን ቢኖር እንኳ የሰው ስም የሚዘረዝርልን ማንም እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ወደዚያ መስመር የለንም» አልኩት።

«አዎ» አለ። «የለንም።» መብራቱን እንዳልረሳ አሳስቦኝ ሄደ።

አሰብ ያለው ሰው ጥቂት ወራት ቆይቶ ተቀየረ። የነገረኝ የለም፤ ያወቅኩት ከአሠራሩ ነው። እሱ ሰሌዳውን የሚጽፈው ሳይሳሳት ነበር፤ አዲሱ ሰው ቁጥር ያዘዋውራል። ሽበታሙ ሾፌር ሲመጣ ጠየቅኩት፤ ምጽዋ ላኩት ሲሉ ሰምቻለሁ አለኝ። በወቅቱ ምጽዋ መላክ ጥሩ ወሬ አልነበረም። አባቴ ጎሚስታው ጋ ተቀምጦ የሚያልፉትን የጭነት ሾፌሮች ሁሉ ይጠይቅ ነበር፤ «ቀጭን፣ ኮምፒውተር የሚሠራ፣ ትሁት ልጅ» እያለ። ብዙዎቹ ኮምፒውተር የሚለውን ቃል እንዲደግምላቸው ይጠይቁታል። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አንዱ ሾፌር ደሴ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ እንዲህ ያለ ሰው አይቻለሁ አለው። አባቴ ማግሥቱን ነጭ ኩታውን ለብሶ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ እኔ ሥራ ስለነበረኝ አልሄድኩም። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ሰውየው እሱ አልነበረም አለን፤ ግን ጥሩ ሰው ነው፣ ምሳ ጋብዞኛል። ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ጋደም አለ፣ እናቴም የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋችለት።